ከሰልባጅ ጃኬት ላይ ያገኘሁትን የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ስኳድሮን ጥልፍ አርማ ምን ላድርገው?

የሕርማታው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። ያለፈው ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ሰልባጅ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆሜ ክምሩን ስገለባብጥ አንድ አረንጓዴ ጃኬት ብቅ አለ። ዚፑ ይሠራል፣ ክርኑ ግን ተበልቷል። ልጁ "የጋራዥ ሰው ነው የሚለብሰው፣ ውሰደው" አለኝ። እኔን የሳበኝ ጃኬቱ አይደለም። ደረቱ ላይ ጥልፍ አርማ ተሰፍቶበታል፣ 56 የሚል ቁጥርና "ሬስኪው ስኳድሮን" የሚል ጽሑፍ አለው። ትከሻው ላይ ደግሞ ሁለት አረንጓዴ እግሮች ያሉበት ትንሽ አርማ በቬልክሮ ተለጥፏል፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ "ሌሎች ይኖሩ ዘንድ" የሚል ተጠልፏል። ብዙም ሳልከራከር ከፍዬ ወሰድኩት።

ድሮ ቴምብር እሰበስብ ነበር። አሁን ይሄን ሳይ ልቤ ተነሳ፣ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮችን አርማ መሰብሰብ ልጀምር ነው። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ይሄ የማን ነው? እውነተኛ ነው ወይስ ለጌጥ የተሠራ? በምላጭ ላንሳው ብዬ ነበር፣ እንዳላበላሸው ፈራሁ። ደግሞ በጅማ ዝናብ እንዴት ነው የሚቀመጠው? እኛ ቤት ክረምት ሲመጣ ጫማ እንኳን ሻጋታ ያበቅላል።

አረንጓዴ ዱካ

ቀንቶሃል ወንድሜ። መጀመሪያ ግን ምላጩን አስቀምጠው።

ሁለቱ አረንጓዴ እግሮች የአሜሪካ አየር ኃይል የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሠራተኞች ምልክት ናቸው። ነገሩ ከቬትናም ጦርነት ይጀምራል። ያኔ ኤችኤች-3ኢ የሚባል ሄሊኮፕተር ነበራቸው። አውሮፕላኑ ተመቶ ጫካ ውስጥ የወደቀን አብራሪ ጠላት ሳይደርስበት ገብቶ ያወጣል። ትልቅና አረንጓዴ ስለነበር "ጆሊ ግሪን ጃያንት" አሉት፣ ደስተኛው አረንጓዴ ግዙፍ እንደማለት። ሣር ወይም የሩዝ ማሳ ላይ አርፎ ሲነሳ የሚተወው ምልክት የግዙፍ ሰው ዱካ ይመስላል ይባላል። እግሩ ከዚያ መጣ። ሄሊኮፕተሩ ከሥራ ከወጣ ቆየ፣ እግሩ ግን ቀረ። አዲሱ ኤችኤች-60ደብሊው ራሱ "ጆሊ ግሪን 2" ነው የተባለው። "ሌሎች ይኖሩ ዘንድ" ደግሞ የነፍስ አድኖቹ መሪ ቃል ነው።

56ኛው ስኳድሮን (ስኳድሮን የአየር ኃይል አንድ ክፍል ነው፣ "ሬስኪው" ደግሞ ነፍስ አድን) ኤችኤች-60ጂ ፔቭ ሆክ የሚባለውን ሄሊኮፕተር ነበር የሚያበረው። በፔቭ ሆክ ዘመን መጀመሪያ አይስላንድ ኬፍላቪክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ እንግሊዝ ሌከንሂዝ ሄዱ፣ በ2018 ደግሞ ጣሊያን አቪያኖ ገቡ። ስለዚህ ያንተ አርማ ከሦስቱ ከአንዱ ነው። ከበረዶ አገር ተነስቶ ጅማ ሕርማታ ገበያ ከደረሰ ከኔ የበለጠ አገር አይቷል ማለት ነው 😂

አሁን አንድ ነገር አድርግ። የጃኬቱን ውስጥ ገልብጠህ የፋብሪካውን ምልክት ፈልግ። የአሜሪካ ወታደራዊ ልብስ ከሆነ ረጅም የውል ቁጥር ይኖረዋል፣ በሰረዝ የተከፋፈለ። መሐል ላይ ለብቻቸው የተቀመጡት ሁለት አሃዞች ውሉ የተፈረመበትን የበጀት ዓመት ነው የሚነግሩህ። ይሄ የጃኬቱ ዕድሜ እንጂ የአርማው አይደለም፣ ግን መነሻ ይሆንሃል።

ልብስ ሰፊው

እኔ መርፌ ከያዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ስለ ሄሊኮፕተር አላውቅም። ስለ መፍታት ግን ስሙኝ። ከፊት በኩል ምላጭ የሚያስገባ ሰው ጥልፉን ሳይቆርጥ አይወጣም። ጃኬቱን ገልብጠው። ገበሩ መንገድ ከዘጋብህ እሱን በትንሹ ክፈተው፣ በኋላ ይሰፋል። ከውስጥ በኩል የሚታየውን ክር በየሦስት አራት ስፌቱ በስፌት መፍቻ በጥስ በጥስ አድርገው። ከዚያ ከፊት ያለውን ክር በወረንጦ ስትስበው ራሱ ተግተልትሎ ይወጣል። የቀረውን ቁርጥራጭ ቀስ ብለህ ልቀመው። ችኮላ የለም፣ ቡናህን እየጠጣህ ነው። (ቡናውን ራቅ አድርገህ!)

ካውያ ካስፈለገ አርማውን ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ፎጣ ላይ አስተኛው፣ ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርግና ለዘብ ባለ ሙቀት። በቀጥታ ፊቱ ላይ ካውያ ካስቀመጥክ ክሩ ይተኛል፣ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ያብለጨልጫል። አይመለስም።

አረንጓዴ ዱካ

@ልብስ ሰፊው እጅህ ይባረክ። ግን እኔ የምለው ለምን ይፈታል? እኛ ሰብሳቢዎች ከልብሱ ጋር ያለን አርማ ነው የምንወደው። ልብሱ ምስክሩ ነው። ጠርዙን ትንሽ ቀና አድርገህ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ብታየው፣ ዙሪያው በፀሐይ ደብዝዞ ሥሩ ደመቅ ብሎ ከቀረ አርማው እዚያ ዓመታት ቆይቷል ማለት ነው። ትናንት የተሰፋ ከሆነ ግን ሥሩም ዙሪያውም አንድ ዓይነት ነው። ፈትተህ ጃኬቱን ከጣልከው ይሄን ማስረጃ ጣልክ። የትከሻው በቬልክሮ ስለሆነ እሱን እንደፈለግክ አንሳና መልስ።

የሕርማታው (ጠያቂ)

አንድ ነገር ልናዘዝ። ትናንት ማታ ይሸታል ብዬ በኦሞ ዘፍዝፌዋለሁ 🙈 እናቴ ደግሞ "ትንሽ በረኪና ብትጨምርበት" ስትል ነበር። በረኪናውን አልጨመርኩም፣ እግዜር ይስጠኝ።

እህተ ጅሬን

ወይኔ! በረኪና አለመጨመርህ ነፍስህን አትርፏታል።

እኔ የድሮ ጨርቃ ጨርቅ አያያዝ ላይ ሠርቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ። ሁለተኛ እንዳትዘፈዝፍ። ጥልፍ ብዙ ክር ነው፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው የተነከረ ነው። ቀይና ጥቁር በተለይ ቀለም ይለቃሉ። ነጩ ሮዝ ሆነ ማለት አለቀ። መታጠብ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ነጭ ጥጥ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበህ እያንዳንዱ ቀለም ላይ ጫን አድርግ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ተወው፣ አትጠበው። ካልያዘ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትጨምቅ፣ ፎጣ ላይ ዘርግተህ ጥላ ውስጥ አድርቀው። አሁን የዘፈዘፍከውን ደግሞ ኦሞው ጨርሶ እስኪለቅ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመህ አለቅልቀው።

አቀማመጡ ላይ እንምጣ፣ ለጅማ ሰው ዋናው ይሄ ነው። ሻጋታ ጨርቁን ራሱ ይበላዋል፣ የሚተወው ነጠብጣብም አይለቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ግድግዳ። ሳጥኑን ከጭቃ ግድግዳ ጋር አታጣብቀው፣ መሬት ላይም አታስቀምጠው። ሁለተኛ ፕላስቲክ። ያ ወፍራሙ፣ አዲስ ሲሆን የሚሸተው የፎቶ አልበም ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ከጊዜ በኋላ አሲድ ይተፋል፣ ይጣበቃልም። ፖሊፕሮፒሊን የሚል ካገኘህ እሱ ይሻላል። ካላገኘህ አትጨነቅ፣ አያቶቻችን የሚያውቁት አቡጀዲ አለልህ። አቡጀዲውን ሁለት ሦስቴ በሙቅ ውሃ እጠበው፣ ስታርቹ ይልቀቅ። ከዚያ በሱ ጠቅልል። እንጨት ሳጥን ከሆነ ደግሞ ውስጡን በሱ ሸፍነው፣ እንጨትም አሲድ አለው።

በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት "አትብላ" የሚል የተጻፈባት ከረጢት አለች አይደል? እሷን አትጣል። እርጥበት ትመጣለች። በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ስትሆን ነው የምትሠራው፣ ክፍት ሳጥን ውስጥ ግን የክፍሉን አየር ስትመጥ ውላ ትሞላለች። በጋ ላይ ደመና የሌለበት ቀን መርጠህ አውጥተህ ጥላ ውስጥ አናፍሰው።

ሌላው ብል። ብል የሚበላው ሱፍ ነው፣ ጥጥና ፖሊስተር ብዙም አይነካም። የድሮ አርማ ግን አንዳንዱ ሱፍ ላይ ነው የተጠለፈው፣ እሱን ለይተህ ጠብቅ። ናፍታሊን ጨርቁ ላይ በቀጥታ እንዳይነካ። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ግድግዳ ላይ አትስቀለው። ጭሱ ቅባት አለው፣ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እኛ ቤት የትኛው ክፍል ነው ቡና የማይፈላበት ካልክ… እንግዲህ መኝታ ቤት 😄

ጋሽ 77

ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ነግረውሃል። እኔ ሌላ ነገር ልንገርህ። ጃኬቱን ለብሰህ እንዳትወጣ። ሲቪል ሰው የሠራዊት ልብስና ምልክት ማድረግ በሕግ ያስጠይቃል። የውጭ አገር ነው ብትል ኬላ ላይ የቆመው ልጅ 56ኛ ስኳድሮንን ከየት ያውቃል? አዲስ አበባ ልታሳይ ብትሄድ እንኳን ጃኬቱን ቤት ትተህ ፎቶ ይዘህ ሂድ። የራሳችንን ሠራዊት ምልክት ደግሞ ገበያ ላይ ብታየው እንኳን አትግዛ። ስብስብህን ከዚያ አርቀው።

ሄሊኮፕተርና ነፍስ አድን ስትሉ የ77ቱ ድርቅ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1985 የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች ሚ-8 ሄሊኮፕተር ይዘው መጥተው ነበር፣ እስከ 1987 ቆይተዋል። የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል የጭነት አውሮፕላኖች እህል ከአየር ሲጥሉ እነሱ ሰው እያደረሱ መጣያውን ቦታ ያዘጋጁ ነበር። አስበው፣ ያኔ ፖላንድ የምሥራቁ ጎራ ናት፣ ሌሎቹ የምዕራቡ። ሰማዩ ላይ አብረው ሠሩ። እኔ ብሆን ከአሜሪካው ይልቅ የዚያን ዘመን ነገር ነበር የማሳድደው፣ የኛም ታሪክ ስለሆነ።

የሕርማታው (ጠያቂ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን በፍጹም አላውቅም ነበር። ጃኬቱን አልለብሰውም፣ ቃሌ ነው።

የውል ቁጥሩን አገኘሁት! የውስጥ ኪሱ ላይ ነው ያለው፣ ሊጠፋ የደረሰ። ሁለቱ አሃዞች 03 ናቸው። እና አንድ ወዳጄ "የብር መፈተሻ ሰማያዊ መብራት ሥር አድርገው፣ ካበራ አዲስ ነው" አለኝ። ሱቅ ወስጄ አሳየሁት፣ እንደ አምፖል ቦግ አለ። ተበላሁ ማለት ነው?

አረንጓዴ ዱካ

አልተበላህም፣ ኦሞው ነው የበላህ 😂 የልብስ ሳሙና ዱቄት ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል አለው፣ እሱ ነው በዚያ መብራት የሚያበራው። የመቶ ዓመት ጨርቅ እንኳን በሱ ካጠብከው ያበራል። ያ ፈተና የሚጠቅመው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ተብሎ ለሚሸጥ አርማ ነው፣ ያውም ላልታጠበ። ላንተው እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ አርማ ቢያበራ ምንም ማለት አይደለም።

03 ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. 2003 ማለት ነው፣ ውሉ ሲፈረም ስኳድሮኑ ገና አይስላንድ ነበር። ግን አንድ ሰው ጃኬት ለዓመታት ይለብሳል፣ ስለዚህ እንግሊዝ ሄዶም ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ እንግሊዙ አደላለሁ።

ለወደፊቱ ስትገዛ ግን ከመብራቱ በፊት ጽሑፉን አንብብ። የአሜሪካ ነፍስ አድን እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም "ኤር ሬስኪው" ነበር የሚባለው። በ1966 "ኤሮስፔስ ሬስኪው ኤንድ ሪከቨሪ" ሆነ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ድሮው ስም ተመለሰ። ስለዚህ አንዱ "የቬትናም ዘመን 56ኛ ሬስኪው ስኳድሮን" ብሎ ቢያመጣልህ ስሙ ራሱ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ጠርዙን እይ። በወፍራም ክር ኦቨርሎክ የመሰለ ጠርዝ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ በመቀስ የተቆረጡ ናቸው። ከዚያ ጀርባውን ገልብጥ። የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተለበጠበት ከሆነ የድሮ ነው ሲሉህ አትመን።

ሌላ ሰፊ ዓለም ደግሞ የእንግሊዞቹ ነው። የ22ኛና 202ኛ ስኳድሮን ቢጫ ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተሮች ባሕር ላይ የተቸገረ ሰው ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራውን ለሲቪል ድርጅት አስረክበው አቆሙ። የተዘጋ ምዕራፍ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፣ አዲስ እየወጣ አያደክምህም።

ልብስ ሰፊው

እኔም ልጨምር፣ ጀርባው ላይ ክሩ ከፊደል ወደ ፊደል እየዘለለ የሚሄድ አለ፣ ፊደል በፊደል የተቋጨም አለ። ይሄ ዋጋውን አይነግርህም፣ ግን ሁለት አርማ አንድ ማሽን ላይ መሠራታቸውን ለማወቅ ጎን ለጎን ገልብጠህ ማየት ነው። እኔ የሰው ሥራ የምለየው በጀርባው ነው።

እህተ ጅሬን

ለማስመጣት ካሰብክ ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛልህና ሲመጣ ይዞልህ ይምጣ። አርማ እኮ ቀላል ነው፣ መጽሐፍ መሐል ይገባል። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዝ፦ የት ተገኘ፣ መቼ፣ ከማን፣ በስንት፣ በምን ልብስ ላይ። ኦሞውንም ጻፈው፣ አታፍር።

የሕርማታው (ጠያቂ)

እሺ፣ ወስኛለሁ። የደረቱ አይፈታም፣ ከነጃኬቱ ይቀመጣል። ሥሩን ቀና አድርጌ አየሁት፣ አረንጓዴው እውነትም ደመቅ ብሏል፣ ዙሪያው ግን ነጣ ብሏል። የትከሻውን እግር አንስቼ አቡጀዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ "የማን ልጅ እግር ነው?" ብላ ስቃለች።

ሐሙስ ተመልሼ ልጁ ጋ ሄጄ ነበር። ከዚያው ቦንዳ ሌላ አረንጓዴ ነገር ወጥቶ ነበር ወይ ስለው "አዎ፣ ሱሪ ነበር፣ አንዱ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ወሰደው" አለኝ። አሁን አጂፕ አካባቢ ያሉትን ጋራዦች አንድ በአንድ እየዞርኩ ነው። ያየ ካለ ይጻፍልኝ፣ ዘይት ቢነካውም እወስዳለሁ።