የባሮሎ ቀይ ወይኔ ቡሽ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ተሰበረ፣ ቶሎ እርዱኝ!

ሚሚ ቶሪኖ፦ የባለቤቴ አለቃ ከነሚስቱ ማታ 2 ሰዓት እራት ይመጣሉ። አሁን 1 ከሩብ ነው። ዶሮ ወጡ ደርሷል። ለገና ራሱ አለቃው የሰጠንን ባሮሎ ስከፍት ቡሹ ለሁለት ተሰበረ፤ ግማሹ አንገቱ ውስጥ ቀረ። ምን ላድርግ?

ዳኒ፦ በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ግፊው፣ አለቀ።

መስፍን ዘአልባ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የያዝሽውን እወቂ። ባሮሎ የሚመጣው በጣሊያን ፒየሞንቴ ክልል፣ በአልባ ዙሪያ ካሉ 11 ቀበሌዎች ብቻ ነው። ኔቢዮሎ ከሚባለው ወይን በቀር ሌላ ዘር አይገባበትም። ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፣ 18ቱን በእንጨት በርሜል፤ ‹ሪዘርቫ› ከሆነ 62 ወር። አንገቱ ላይ የተለጠፈችው ቁጥር ያላት ወረቀት ዲኦቺጂ (የጣሊያን ወይን ከፍተኛ ደረጃ) መሆኑን ታሳያለች፣ ቀደሽ እንዳትጥያት...

ሚሚ ቶሪኖ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እንግዶቼ ሊደርሱ ነው! ዳኒ፣ ብገፋው ፍርፋሪው አይገባም? ደግሞ በመብራት ሳየው ዳር ዳሩ ጡብ መስሏል። ተበላሽቶ ይሆን?

አስተናጋጇ፦ የስንት ዓመት ነው?

ሚሚ ቶሪኖ፦ በፈረንጅ 2006።

አስተናጋጇ፦ ቀለሙ አያስደንግጥሽ፤ ኔቢዮሎ ሲያረጅ እንደዚያ ነው። ያረጀ ቡሽም ይሰበራል። ገና አትግፊው። ጠርሙሱን ሳትነቀንቂ አቁሚው፣ የመክፈቻውን ጠመዝማዛ አጋድመሽ በቡሹና በመስታወቱ መካከል አስገቢ፣ ቀስ እያልሽ እያዞርሽ ሳቢ። እምቢ ካለ ያኔ ግፊው፤ ሲገባ ወይኑ ስለሚፈናጠር አፉን በጨርቅ ሸፍኚ። የሳሙና ሽታ በሌለው ሻሽ እያጠለልሽ ወደ ጆግ ገልብጪ። ቡና ከጀበና እንደምትቀጂው ነው፣ አተላው ሲመጣ ታቆሚያለሽ። መጀመሪያ ግን አሽቺው፦ የራሰ ካርቶን ከሸተተ የቡሽ በሽታ ነው፣ አታቅርቢው።

ዳኒ፦ እኔም ግፊው ነው ያልኩት።

ሄኖክ፦ እኔን የጨነቀኝ ቡሹ አይደለም። ባሮሎ ከዶሮ ወጥ ጋር?! የበርበሬው ማቃጠልና የወይኑ አፍ ማኮማተር ይጣላሉ። አልኮሉም ቢያንስ 13 ከመቶ ነው፣ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ሱቅ ከሌለ ጎረቤት ጠይቂና ሞስካቶ ዳስቲ የሚባለውን የጣሊያን ነጭ ወይን አቅርቢ፤ ጣፋጭ፣ ቀዝቃዛ፣ 5 ከመቶ ገደማ። ባሮሎውን ከዶሮ ወጡ በኋላ ከአይብ ጋር።

መስፍን ዘአልባ፦ ሰጪው ፊት የሰጠውን ሳታቀርብ ትቅር ነው የምትለው?

ሄኖክ፦ አትቅር አላልኩም፣ ሰዓቱን ትምረጥ ነው የምለው።

አስተናጋጇ፦ ሄኖክ እውነቱን ነው። አይብ ካለሽ ለመጨረሻ አቆዪው። የኛን አይብ ሳይሆን የቆየ ጠንካራውን፣ ፓርሚጃኖ ወይም ካስቴልማኞ።

ሚሚ ቶሪኖ፦ ወጣ! ግማሹ ተፈርፍሮ ቢሆንም ወጣ። ካርቶን አይሸትም፤ የደረቀ ጽጌረዳ ነው የሸተተኝ። እያጠለልኩ ነው። በሩ ተደወለ

ትዕግሥት፦ በማንኪያ እጀታ ብትገፊውስ?

ሄኖክ፦ ሚሚ፣ እንግዶቹ ምን አሉ?