የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች ነፃ ነበሩ? ጎጃምስ ጋዜጣ መቼ አየ?

የደጀን መምህርት፦
ጤና ይስጥልኝ። ደጀን ከተማ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡም በእኔ እጅ ነው። ልጆቹ በግድግዳ ጋዜጣቸው ስለ ጋዜጣ ታሪክ ሊጽፉ ተነሥተው ሁለት ጥያቄ ይዘውብኝ መጡ። የድሮዎቹ ጋዜጦች የፈለጉትን መጻፍ ይችሉ ነበር ወይ? ጋዜጣስ ወደ ጎጃም እንዴት ገባ? የምታውቁ እርዱኝ።

ጡረተኛ ከቡሬ፦
መምህርት፣ ልጆችሽ ይባረኩ። ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት።

ከ«አእምሮ» ጋዜጣ ጀምሪላቸው። በ1895 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ እንድርያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ ጀመረው። ስሙን ያወጡለት አፄ ምኒልክ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ያህል ነበር የሚወጣው። የሚያነበው ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ነው። እንዲህ ያለ ጋዜጣ ማንን ደፍሮ ይናገራል?

ቀጥሎ «ብርሃንና ሰላም» መጣ። ራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤቱን በ1914 አቋቋሙ፤ ጋዜጣው በ1917 ወጣ። ይህን ጋዜጣ ከልቤ አከብረዋለሁ። የዘመኑ ወጣት ምሁራን ስለ ትምህርት፣ ስለ አስተዳደርና ስለ ኋላ ቀር ልማድ በድፍረት ጽፈውበታል። ግን ማተሚያው የአልጋ ወራሹ ነው። ልማዱ ይነቀፋል፤ ባለቤቱ አይነቀፍም። ልጆችሽ ከሁሉ በፊት «ማተሚያው የማን ነው? ከመታተሙ በፊትስ ማን ያነበዋል?» ብለው ይጠይቁ።

ሕጉ ብቻውን አይበቃማ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነት በሕግ መሠረት የተረጋገጠ ነው ይላል። ሳንሱሩ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ደርግ ደግሞ ጭራሽ አጠበቀው። ሳንሱር በዐዋጅ የተከለከለው በ1985 ነው፤ ዐዋጅ ቁጥር 34። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ይታተማል፤ ጸሐፊው ግን ከታተመ በኋላ የታሰረበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ጎጃም። በጣሊያን ወረራ መጨረሻ «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም ላይ እየታተመ ወደ ጎጃም ይገባ ነበር። ያዘጋጀው በጋዜጠኛው በጆርጅ ስቲር የሚመራው የእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት የዐዋጅ ወረቀትም ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ገቡ፤ በበላያ፣ በቡሬ አድርገው መጋቢት ሳያልቅ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። አባቴ ያን ጊዜ እረኛ ልጅ ነበር። ሰው ማኅተሙን ሲስም አይቻለሁ ይለን ነበር። ዲያቆን ተፈልጎ ያነባል፤ መንደሩ ከቦ ይሰማል። ጣሊያን የሚያወራው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚለው ሌላ። ለጦርነት የተሠራ ጽሑፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነፃ ፕሬስ አልለውም። ሆኖም ገበሬው ሁለት ወሬ አነጻጽሮ የራሱን ፍርድ ሰጠ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቅኔ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ጎጃም ጋዜጣ እስኪመጣ ዝም ብሎ አልተቀመጠም እኮ። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ መኳንንቱ ሲነኩ ኖረዋል። አዝማሪውም ፊት ለፊት ይላቸው ነበር። ይሄስ ነፃነት አይደለም?

ጡረተኛ ከቡሬ፦
ልጄ፣ ቅኔው ክብራችን ነው። ነፃነት ግን አልለውም። ሰውየው ወርቁን የሚሸሽገው ስለሚፈራም ጭምር ነው። ነፃነት ማለት ግብር የበዛበት ገበሬ «ግብሩ በዝቶብኛል» ብሎ ስሙን ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ነው። ደግሞ ቅኔውን የሚፈታው ስንቱ ነው? ጋዜጣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል፤ ያልቆጠረውም ያስነብባል።

የደጀን መምህርት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክርክራችሁን ለክበቡ አነብላቸዋለሁ። የድሮዎቹን ጋዜጦች በዓይን ማየት ይቻላል?

አዲስ አበባ ያለሁ የቢቸና ልጅ፦
መምህርት፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወመዘክርን ይሞክሩ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ይምጡ። ልጆቹን ይዘው ከመጡ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

ጡረተኛ ከቡሬ፦
ከሄዳችሁ «አዲስ ዘመን»ንም አስወጡ፤ የመጀመሪያው እትም የግንቦት 30 ቀን 1933 ነው። ከዚያ የ1985ንና የ1986ን የግል ጋዜጦች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልጆቹ በየገጹ ማን እንደተነቀፈና ማን እንዳልተነቀፈ ይመዝግቡ። የግድግዳ ጋዜጣቸውን በዚያ ይሙሉት።