የጥንት ባሕር ካርታ በየት በኩል ነው የሚነበበው?

ጠያቂ (ሮተርዳም)
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ወር ሊዝበን ሄጄ ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ የጥንት ባሕር ካርታ ገዛሁ። ቅጂ ነው፣ 12 ዩሮ! የሜዲትራኒያን ነው፤ ሳሎን ሰቀልኩት። ግን ባሕሩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ሞልቶበታል። ኬንትሮስና ኬክሮስ አይመስልም። የወደቦቹም ስም ግማሹ ተዘቅዝቋል። ልጄ «አባዬ፣ ገልብጠህ ነው የሰቀልከው» እያለች ትስቅብኛለች። የሚያውቅ አለ?

የአሰብ ጡረተኛ
ልጅህም አልተሳሳተችም፣ አንተም አልተሳሳትክ። ይሄ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እየተዞረ ነው የሚነበበው። ስሞቹ ባሕሩን እንዳይሸፍኑ ከጠረፉ ወደ የብስ ይጻፋሉ። ጠረፉ ሲዞር ጽሕፈቱም ይዞራል። ዋና ዋና ወደቦች በቀይ፣ ሌሎቹ በጥቁር ናቸው።

ድሩ የነፋስ አቅጣጫ ነው። ከሮድስ እስክንድርያ ልትሄድ ነው እንበል። ሁለቱን በማስመሪያ ታገናኛለህ። ከዚያ ከማስመሪያው ጋር ትይዩ የሆነውን መስመር ከድሩ ውስጥ ትፈልጋለህ። ከደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ታገኛለህ፤ መሪህን በኮምፓስ እዚያ ላይ ትይዛለህ። ርቀቱን ደግሞ በዲቫይደር፣ ያቺ በጂኦሜትሪ ሣጥን ውስጥ ያለችው ሁለት ሹል እግር፣ ከካርታው መለኪያ ላይ ትለካለህ። በቃ።

እኛም ቀይ ባሕር ላይ ስንሠራ ከዚህ ብዙም አልራቅንም። እርሳስ፣ ትይዩ ማስመሪያ፣ ካርታው ላይ ቡና የደፋን ሰው መቆጣት።

ብራና ወዳጅ
ጋሼ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ቆዳው ልጨምር። ኦሪጅናሎቹ በብራና ላይ ነው የተሳሉት፣ ብዙ ጊዜ በአንድ እንስሳ ሙሉ ቆዳ። አንዱ ጎን ከጠበበ አንገቱ ነው። ከተረፉት ጥንታዊ የሚባለው «ካርታ ፒሳና» ነው፤ 13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተሠራ፣ አሁን ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያለ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የጆአዎ ደ ካስትሮ ሥራ ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. ከፖርቹጋል መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን እስከ ስዊዝ ወጥቶ ወደቦቹን እየሳለ፣ አገባባቸውን እየጻፈ ተመለሰ። የክሪስቶፎ ዳ ጋማን 400 ወታደሮች ምጽዋ ያወረዱትም እነዚሁ መርከቦች ናቸው። ባሕሩ ለምን ቀይ እንደተባለም ሊያጣራ ውሃ አስቀድቶ አየ። ጥርት ያለ ነው! ቅላቱ ከሥር ካለው ኮራል ነው አለ።

ጠያቂ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በግራ በኩል የጠበበው አንገቱ ነዋ! እኔ ሱቁ ያበላሸው መስሎኝ ዋጋ አስቀንሼበት ነበር። አሁን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ፣ ልጄ ዙሪያውን እየዞረች ቀይ ቀዩን ትቆጥራለች። ባለቤቴ ራት የት ልናቀርብ ነው እያለች ነው።