ለ20 ሰው የቅዳሜ ቡና ጓዳ ሳልውል እንዴት ላዘጋጅ? (ደብረ ብርሃን)

ጠያቂ፦ የጠባሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶቼን፣ የሥራ ባልደረቦቼንና ሦስት አዛውንት ዘመዶቼን ቤቴ ልጠራ አስቤያለሁ፤ በድምሩ ወደ 20 ሰው ይሆናሉ። ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ አለኝ። በዓል አይደለም፣ ተቀምጦ መጨዋወት ነው። በግ ማረድ፣ ሦስት ዓይነት ወጥ መሥራትና እንግዳው ሲጫወት ጓዳ መዋል አልፈልግም። የምታግዘኝ የ14 ዓመት እህቴ ብቻ ናት። ከሚመጡት ብዙዎቹ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው። ምን ላቅርብ? በስንት መጠን? የቱ ቀድሞ ይሠራል? የኅዳር ብርድስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ድፎ

እህቴ፣ ከምግቡ በፊት ሰዓቱን ወስኚ። ለምሳ የተጠራ ሰው ወጥ ይጠብቃል፤ «ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ቡና እንጠጣ» ብለሽ ከጠራሽ ግን ምሳውን በልቶ ይመጣል። መጨረሻውንም ስትጠሪ ተናገሪ። በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ወዲያው ስለሚገባ በ11 ሰዓት መነሣት ለሁሉም ይመቻል፣ ማንም አይቀየምም።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድም ትኩስ ሆኖ መቅረብ ያለበት ምግብ አትሥሪ። ጓዳ የሚያስቀርሽ «አሙቄ ላምጣ» ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አዚፋ ከእንጀራ ጋር፣ ብርዝ ወይም ተልባ፣ ከዚያ ቡና። ከቡናው በቀር ሁሉም በርዶ ይበላል። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ስለሌለበት ለጾመኛውም ለሙስሊሙም አንድ ገበታ ይሆናል፤ ማን ያረደው ነው፣ የየትኛው ድስት ማንኪያ ነው የሚል ጥያቄም አይነሣም።

ዳቦው፦ ለ20 ሰው 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሊትር ከሩብ ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ድንብላል። ውሃውን በአንዴ አትጨምሪው፤ ዱቄቱ እንደሚጠጣው ነው። እዚህ ከተማ ላይ ዳቦ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ብርድ ነው። እጅ በሚያደነዝዝ ውሃ የተቦካ ሊጥ ሳይነሣ ያድራል፣ ሰው ደግሞ እርሾውን ይወቅሳል። በለብታ ውሃ አቡኪውና ዕቃውን በጋቢ ጠቅልለሽ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጪው። እጥፍ ሲሆን ለሁለት ክፈይው። ሙሉው በአንድ ምጣድ ከተጋገረ ስለሚወፍር ዳሩ ደርቆ መሃሉ ሊጥ ይቀራል።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱን በደንብ አግይው፣ ከዚያ አጥፍተሽ 5 ደቂቃ ካበረድሽው በኋላ ኮባውን አንጥፈሽ ሊጡን ጣይ። በኮባ ሸፍነሽ ክደኚውና መልሰሽ አብሪው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ ገልብጪው፣ ከዚያ 20 እስከ 25 ደቂቃ። ቢላ መሃሉ ላይ ሰክተሽ ስታወጪው ንጹሕ ከሆነ በስሏል። ዓርብ ማታ ጋግሪው፤ በትኩሱ የተቆረጠ ዳቦ ይላቁጣል፣ ያደረው ግን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ጊዜ ካጣሽ ዳቦ ቤት እዘዢ፣ ምንም ነውር የለውም።

አዚፋ፦ 1 ኪሎ ድፍን ምስር ለቅመሽ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፊ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቆላ ላይ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ መድቢለት። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ግማሹን ፍጪው፣ ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይቅር። ከዚያ 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 8 ቃሪያ፣ የ5 ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ።

ሰናፍጩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ ለ15 ደቂቃ ያህል ተዪው፤ አፍንጫ የሚይዘው ኃይሉ የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው። በትኩስ ምስር ላይ ከጨመርሽው ሙቀቱ ይገድለዋል፣ ቀድመሽ ሎሚ ካፈሰስሽበትም ሳይነሣ ይቀራል። ምስሩ ሙሉ ለሙሉ ይብረድ፣ ሰናፍጩ ይግባ፣ ሎሚው ይከተል። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ቅዳሜ ጠዋት ጨምሪ፤ ካደሩ ውሃ ያወጣሉ። ዳቦ ስላለ እንጀራ 15 ይበቃል። ኅዳር ነፋሻ ስለሆነ ጥቅሉን እስከ መጨረሻው ሰዓት ከመሶቡ አታውጪው፤ ጠርዙ ይደርቃል።

መልስ፦ ማሾ (ሸዋ ሮቢት)

ድፎ ያለችው ልክ ነው፤ እኔ የምለውጠው ምስሩን ነው። በማሾ ብትሠሪው ሳትዘፈዝፊም ቶሎ ይበስላል፣ እኛ ዘንድም እንደ ልብ ነው። ጣዕሙ ለስለስ ስለሚል ሰናፍጩን አንድ ማንኪያ ጨምሪበት።

ቆላ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ ግን ሰዓቱን ይገልብጠው። ሸዋ ሮቢት ላይ በ8 ሰዓት ሰው መጥራት በሙቀቱ ማስጨነቅ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። አዚፋውም ዓርብ ተሠርቶ ያለ ፍሪጅ አይደርም፣ ይኮመጥጣል። በዚያው ቀን ጠዋት ይሠራ።

ከቆሎው ጋር ንፍሮም ቢኖር ጥሩ ነው፤ ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መቀቀል ብቻ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ቀቅይ፤ አንድ ላይ ከገቡ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥርስ ይሰብራል።

መልስ፦ እናት ዘአንኮበር

ልጄ፣ ንፍሮውን ተዪው። ምግቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ንፍሮ የሚቀርበው ለለቅሶ ነው፣ ስቅለት ሲደርስም ጉልባን ይበላል። አዛውንት ጠርተሽ ንፍሮ ብታቀርቢ ምንም አይሉሽም፣ በልባቸው ግን ቅር ይላቸዋል። ቆሎው ይበቃል።

ቆሎውን እንዲህ አድርጊው፦ 1 ኪሎ የተፈተገ ገብስ፣ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ፣ ግማሽ ኪሎ ኦቾሎኒ። ለየብቻ ይቆላሉ። ኦቾሎኒ ቶሎ ያርራል፣ ሽምብራ ደግሞ ትንሽ ሳይነከር ከተቆላ ድንጋይ ነው። ጨውን በጥቂት ውሃ በጥብጠሽ ምጣዱ ላይ እንዳለ ርጪበትና ውሃው እስኪደርቅ አመላልሺው። ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ ፈጽሞ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ ከከደንሽው በራሱ እንፋሎት ይለዝባል። ሐሙስ ቆልተሽ ብታስቀምጪው አይጎዳም። ጥርስ ለከዳቸው ሽማግሌዎች ከዳቦው መሃል ለስላሳውን ቁረጪላቸው።

ሳህን አታብዢ። 20 ሰው 20 ሳህን ካነሣ ማታ የምታጥቢው አንቺ ነሽ። 5 ትሪ አውጪ፣ አራት አራት ሆነው ይክበቡ። አዚፋው መሃል፣ እንጀራውና ዳቦው ዳር ዳር። ለብቻው መብላት የሚመርጥ ካለ እንዳይጨነቅ አራት ትርፍ ሳህን አጠገብ አኑሪ።

ወጣቶቹን «ራሳችሁ አንሡ» ማለት ትችያለሽ፤ ሆኖም አንቺ ቀድመሽ ካላነሣሽ ማንም አይነካም። ለአዛውንቶቹ ግን እንዲህ አይባልም። ለእህትሽ ሌላ ሥራ አትስጫት፤ እነርሱን ታስታጥብ፣ ታቅርብላቸው፣ ሲኒያቸውን ታንሣ። ለቀረው ሰው ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ ሳሙናና ፎጣ በረንዳው ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ሳፋ። ውሃ ይጠፋ እንደሆነ አይታወቅምና ዓርብ ሁለት ጀሪካን ሙይ።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ፣ ከሰል። ብርድ ነው ብለው በርና መስኮት ዘግተው የከሰል ምድጃ ከመሃል አድርገው የሚቀመጡ አሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይጠፋም። ሽታ የለውም፣ አይታይም። 20 ሰው በታጨቀበት ክፍል ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሰው በዕጣኑ ያሳብባል፣ ድብት ሲለውም ደከመኝ ይላል። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ አያይዢ። ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተበት አፍሊ፤ ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ይውጣ። አንድ ሰው ራሴን አለኝ ካለ ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለብርዱ መድኃኒቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጣል ጣል አድርጊ። ፀሐይ ካለ ደግሞ ነፋሱን ግንቡ በሚከለክልበት በኩል ግቢው ውስጥ ብትቀመጡ ከቤት ይሻላል።

መልስ፦ ረከቦት

ስለ ቡናው ብቻ። አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጀበና 10 ሲኒ ያወጣል። ስለዚህ ለ20 ሰው ሁለት ጀበና ያስፈልግሻል፣ ከጎረቤት ተዋሺ። በአንድ ጀበና ሁለት ጊዜ አፈላለሁ ካልሽ ግማሹ ሰው ቶና ሲጠጣ ግማሹ አቦል ይጠብቃል፣ አንቺም ከረከቦቱ አትነሺም። ጥሬ ቡና 250 ግራም ግዢ፤ ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሚቀረው 200 ግራም ገደማ ለሁለቱ ጀበና አቦል ይሆናል። ቶናና በረካ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ ነው።

የመቁላቱ ሥነ ሥርዓት ለጨዋታው ያምራልና አትተዪው፤ ግን ሁሉንም እንግዳ ፊት አትቁዪ። ከጥሬው 200 ግራሙን ጠዋት ቆልተሽ ፍጪ፣ የቀረውን 50 ግራም እንግዳው ሲሰበሰብ ቁዪና መዓዛውን አዙሪ። ጀበናው ሲገነፍል አውርደሽ አጋድመሽ 4 ደቂቃ አስቀምጪው፤ ቸኩሎ የተቀዳ ቡና አተላው ሲኒ ይሞላል። ለዘገየ ሰው ከአቦሉ 5 ሲኒ ያህል ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጪ።

መጠጡን በተመለከተ ብርዝ ከሆነ 1 ኪሎ ማር ለ5 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። የሚጠጡት ሙስሊሞችም ስለሆኑ አድሮ መፍላት እንዳይጀምር በዚያው ቀን ጠዋት በጥብጪው። ተልባ ከሆነ 300 ግራም ቆልተሽ ወቅጠሽ ነፍተሽ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ። ሲቀመጥ እየወፈረ ይሄዳል፤ እንግዳው ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይሁን። ሁለቱንም አታድርጊ፣ አንዱ ይበቃል። ጠላና አረቄ ለዚህ ሰዓትና ለዚህ ጥሪ አያስፈልጉም።

ጠያቂ፦ የጠባሴ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ ልዩ ምስጋና ለርስዎ። ንፍሮው ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰው «ምን ይዤ ልምጣ» ሲለኝ «ምንም አታምጡ» ነው የምለው፣ ከዚያ 10 ኪሎ ስኳር ይከማቻል። ምን ልበል?

መልስ፦ ድፎ

ዝም ብለሽ አንድ አንድ ነገር ስጪያቸው። ባልደረቦችሽ ለስላሳ መጠጥና ውሃ ያምጡ። የቅርቧ ጎረቤት ጀበናዋንና 10 ሲኒ፣ ሌላዋ ሁለት ትሪ፣ ወጣቶቹ አግዳሚ ወንበር። አዛውንቶቹ ምርቃት ብቻ ይዘው ይምጡ። «ምን ይዤ ልምጣ» ብሎ የጠየቀው እንግዳው ራሱ ስለሆነ የሚሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ቢሆን ደስ ነው የሚለው። የተዋሽውን ዕቃ ከሥሩ ምልክት አድርጊበት፤ ትሪ ሁሉ አንድ ይመስላል።

መልስ፦ እናት ዘአንኮበር

ልጄ፣ የተዋሽውን ጀበና ስትመልሺ ባዶውን አትመልሺ፤ ከድፎው አንድ ቁራሽ፣ ከቆሎው አንድ እፍኝ ጨምሪበት። ጀበናውንም በሳሙና አታጥቢው፣ ሸክላ ስለሆነ ሽታውን ይዞ ይቀራል። ሙቅ ውሃ አገላብጠሽበት አፉን ወደ ታች ደፍተሽ አድርቂው።