ከቪዲዮ ቤት የመጡ 300 ፊልሞች፦ ካታሎግ ውስጥ እንዴት ላስገባቸው?

የመደርደሪያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ የወረዳ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከተማችን ላይ ለብዙ ዓመት ፊልም ሲያከራዩ የኖሩ አንድ አባት ባለፈው ወር ቪዲዮ ቤታቸውን ዘጉና ያላቸውን ሁሉ ለእኛ ሰጡን። ሰባት ካርቶን ነው። ስቆጥረው ወደ 300 ይጠጋል። ግማሹ የቪኤችኤስ ካሴት፣ የቀረው ቪሲዲና ዲቪዲ። የአማርኛው ይበዛል፣ የህንድም የአሜሪካም አለበት።

መጽሐፍ ቢሆን አልቸገርም ነበር። የርዕስ ገጹን እገልጣለሁ፣ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ አሳታሚውንና ዓመቱን እገለብጣለሁ፣ አለቀ። ፊልም ላይ ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር ተሰናከልኩ። ደራሲው ማነው የሚባለው? ዳይሬክተሩ ነው? ድርሰቱን የጻፈው ነው? ወይስ ገንዘቡን ያወጣው ፕሮዲውሰር?

አንዱን ካሴት ልንገራችሁ። ሽፋኑ ላይ አንድ ርዕስ ታትሟል። ካሴቱ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ደግሞ በእስክሪብቶ ፈጽሞ ሌላ ርዕስ ተጽፏል። ከሥሩ በቀይ ማርከር 147 የሚል ቁጥር አለ። ዓመት የሚባል ነገር የለም። ዲስኮቹ ላይ ደግሞ "ክፍል 2" የሚል አያለሁ፤ የፊልሙ ተከታይ ይሁን ሁለተኛው ዲስክ ይሁን ግልጽ አይደለም።

ኃላፊያችን "ርዕሱን ብቻ ኤክሴል ላይ ደርድሪና ጨርሺ" ብለውኛል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጥተው ርዕሱን የማያስታውሱት ፊልም ጠየቁኝ። የሚያውቁት ዋናዋን ተዋናይትና ፊልሙ እኛ ከተማ ውስጥ መቀረጹን ብቻ ነው። ሰባቱን ካርቶን ሳገላብጥ ውዬ አላገኘሁትም። ርዕስ ብቻ የተደረደረበት ወረቀት እሳቸውን ምን ይጠቅማቸዋል? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።

ካርድ_ካታሎግ፦

እንኳን አልዋጥልሽ አለ እህቴ። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍል ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። እኛም ፊልሞቹን መጀመሪያ እንደዚያ በርዕስ ብቻ ደርድረናቸው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉንም እንደገና ከአንድ ጀመርን። አንዴ በደንብ መሥራት ይሻላል።

ደራሲ ፍለጋውን ተዪው። ፊልም ብዙ ሰው ተረባርቦ የሚሠራው ስለሆነ በአንድ ሰው ስም አይገባም፣ ዋናው መግቢያ ርዕሱ ነው። ሰዎቹ በተጨማሪ መግቢያነት ይከተላሉ። ማርክ 21 የምትጠቀሚ ከሆነ (እያንዳንዱ መረጃ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ባለው መስክ የሚገባበት የኮምፒውተር ካታሎግ ቅርጽ ነው) ርዕሱን 245 ላይ ታስገቢያለሽ፣ ዳይሬክተሩን፣ ጸሐፊውን፣ ካሜራውን የያዘውን 508 ላይ፣ ተዋናዮቹን 511 ላይ። ከዚያ ሰው ሊፈልጋቸው ይችላል የምትያቸውን ስሞች 700 ላይ ደግመሽ አስገቢ። የተቀረጸበት ቦታ ከታወቀ 518 የሚባል መስክ አለልሽ። እኚያ እናት የጠየቁሽ ሁለት ነገር እኮ በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ነው ያለው፣ የተዋናይቷ ስም 700 ላይ፣ ከተማችሁ 518 ላይ።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እባክሽ አትዝለዪው። ሽፋኑን አትመኚ። ለመጽሐፍ የርዕስ ገጹ እንደሆነው ሁሉ ለፊልም መነሻው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። ካሴቱን ክተቺና የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ እዪ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው አጠንጥኚና ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ እያቆምሽ ገልብጪ። ስክሪኑ ላይ ያየሽው ርዕስ 245 ይገባል። ሽፋኑ ላይ ያለውም በእስክሪብቶ የተጻፈውም 246 ላይ ይግቡ፣ ምክንያቱም ሰው ፊልሙን በዚያ ስም ሲከራየው ኖሮ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን ከየት እንደወሰድሽውም አንድ መስመር ማስታወሻ 500 ላይ ጻፊ። ማጫወቻ ከሌለ ብቻ ነው ወደ ዲስኩና ወደ ሽፋኑ የሚኬደው።

"ክፍል 2" ለምትዪው፣ ቪሲዲ አንዱ ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ፊልም ሁለት ዲስክ ላይ ይከፈላል። መክፈቻ ጽሑፍ ሳይኖረው ከታሪኩ መሃል የሚጀምር ከሆነ ሁለተኛው ዲስክ ነው፣ ጓደኛውን ፈልጊለት። የራሱ ርዕስና የራሱ ስም ዝርዝር ካለው ግን ሌላ ፊልም ነው፣ የራሱ መዝገብ ይገባዋል።

ዓመት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ፊልሙ የወጣበት ዓመትና ቪዲዮው የታተመበት ዓመት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የቪዲዮው ዓመት 264 ላይ ይገባል፣ ፊልሙ መጀመሪያ የታየበትን በማስታወሻ ታስቀምጪዋለሽ። ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠራችን ነው። የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" የተባለ ፊልም ውሰጂ። ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቶ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ፌስቲቫሉ ግን ከእኛ ዕንቁጣጣሽ በፊት ስላለቀ በእኛ ገና 2000 ነበር። አንዱ ሽፋን ላይ 2000፣ ሌላው ላይ 2008 ብታዪ ሁለት ፊልም እንዳይመስልሽ። ያየሽውን እንዳለ ገልብጪና አጠገቡ በቅንፍ የሌላውን አቆጣጠር ጨምሪ።

የሰው ስም ሲሆን የአባቱን ስም አታስቀድሚ። ከውጭ ካታሎግ የወረደ መዝገብ ላይ የአባት ስም ቀድሞ "ገሪማ፣ ኃይሌ" ተብሎ ልታገኚው ትችያለሽ። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ በዚያው ይግባ።

ዘሲልቨርስፕሪንግ፦

ሰላም። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ነኝ፣ የማኅበረሰባችንን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። ካርድ_ካታሎግ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የቸገረኝን ልጨምር።

የፊደል ነገር ካልተጠነቀቅሽ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ እያለ ካታሎጉ "የለም" ይላል። "ፀሐይ" የሚለውን አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። 245 ላይ ስክሪኑ ላይ ያለውን አትንኪ። ሰው ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ሌሎቹን አጻጻፎች ግን 246 ላይ አንድ በአንድ አስገቢ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንባቢ የሚያገኘው በዚያ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እዚህ የተወለዱት ልጆች በፊደል መጻፍ ስለማይችሉ ርዕሱን በላቲን ፊደልም እናስገባለን። ለአማርኛ የወጣ የታወቀ የአጻጻፍ ሠንጠረዥ አለ። በላቲን የተጻፈውን 245 ላይ፣ ግዕዙን 880 ላይ አድርገን እናያይዛቸዋለን። አንቺ ሀገር ውስጥ ስለሆንሽ በግዕዙ ብቻ ብትሠሪም ይበቃሻል።

ሌላው የቪዲዮው ሥርዓት ነው። ከሀገር ቤት የመጣ ካሴት እዚህ አልሠራ ብሎ "ተበላሽቷል" ተብሎ ሊጣል ሲል ከቆሻሻ ቅርጫት አጠገብ ያነሳሁት አለ። ካሴቱ ምንም አልሆነም። በካሴት ዘመን ኢትዮጵያ ፓል የሚባለውን የቪዲዮ ሥርዓት ነበር የምትጠቀመው፣ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን። ዲቪዲም የክልል ቁጥር አለው፣ አሜሪካ 1 ናት፣ ኢትዮጵያ 5። ይህንን 538 ላይ ጻፊው። ካርቶንሽ ውስጥ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ቢኖር አንቺም ጋ በተራው ላይሠራ ይችላል።

የቆይታ ሰዓቱንም ሽፋን ላይ ካለው አትውሰጂ። በፊልም ጥቅል የተቀረጸ ሥራ በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ወደ ፓል ሲዛወር 25 ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ፈጥኖ ይሄዳል፣ የ120 ደቂቃው ፊልም በ115 ያልቃል። አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ተቆርጦበታል ብዬ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ስመለከት አምሽቻለሁ፣ አንድም ትዕይንት አልጎደለም ነበር።

የካሴት_ዘመን፦

ልጄ፣ እኔ ካታሎግ አላውቅም። ቪዲዮ ቤት ግን ነበረኝ፣ ያቺን 147 ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። እሷ የኪራይ ቁጥር ናት። እንዳታጠፊያት። እያንዳንዱ ቪዲዮ ቤት ደብተር ነበረው፣ በቁጥሩ አንጻር የፊልሙ ስም፣ መቼ እንደተገዛ፣ ማን እንደወሰደው ይጻፋል። ሰውየው ካሴቱን ከሰጡሽ ደብተሩም የሆነ ቦታ ይኖራል። ጠይቂያቸው።

ሽፋንና ካሴት መቀያየሩ አይግረምሽ። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲጋፋ ያገኘነው ሽፋን ውስጥ እንከት ነበር። ደግሞ የካሴቱን ጠርዝ እዪ። በግራ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ካለ መቅጃ መከላከያዋ ተሰብራለች ማለት ነው፣ ላዩ ላይ አይቀዳበትም። ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ ግን አንድ ሰው ሌላ ነገር ሊቀዳበት ፈልጓል፣ እሱን እስከ መጨረሻው ማየት አለብሽ። ካሴቱ ላይ "ኢ 180" የሚለው የክሩ ርዝመት ነው፣ 180 ደቂቃ ይይዛል ለማለት። የፊልሙ ሰዓት ብለሽ እንዳትጽፊው።

ከመክተትሽ በፊት በመስኮቷ በኩል ክሩን በብርሃን እዪው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው። እሱን ማጫወቻ ውስጥ ከከተትሽ ሻጋታው ወደ ሄዱ (ክሩን ወደሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ይዛመትና ቀጥሎ የምትከቺውንም ያበላሻል። ለብቻው አስቀምጪው። ደህናዎቹን አይተሽ ስትጨርሺ እስከ ጫፉ አጠንጥኚና እንደ መጽሐፍ አቁመሽ ደርድሪ፣ አታጋድሚያቸው። ፀሐይና እርጥበት አይንካቸው።

ካርድ_ካታሎግ፦

ጋሼ የኪራይ ቁጥሩን ያነሱት ትልቅ ነገር ነው። 590 ላይ እንደ ውስጥ ማስታወሻ አስገቢው። የመደርደሪያ ቁጥርን በተመለከተ ደግሞ ሁሉንም በዲዊ (በርዕሰ ጉዳይ የሚመድበው የመደርደሪያ ቁጥር) 791.4372 ውስጥ ብትከቺ 300ው አንድ ቁጥር ላይ ይከመራል። ካሴትና ዲስኩን ለይተሽ በገቢ ቁጥር (ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በገቡበት ተራ) ብትደረድሪ ይቀልሻል። ዘውጉን 655 ላይ አስገቢ።

ከቴሌቪዥን የተቀዳ ወይም ተባዝቶ የተሸጠ ቅጂ ካገኘሽ ለውሰት አታውጪው። አንድ ብቻ የቀረና እየተበላሸ ያለ ካሴት ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ካሰብሽ የቅጂ መብት አዋጁን ቁጥር 410/1996 መጀመሪያ አንብቢ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሚል ክፍል አለው።

የመደርደሪያዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ 147ን አየሁት። ሻጋታ የለበትም፣ ቀዳዳዋም ፕላስተር አልነካትም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ርዕስ በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው! ሽፋኑ የሌላ ፊልም ነበር፣ የሽፋኑን ትክክለኛ ፊልምም ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ሽፋን የሌለው ካሴት ሆኖ አገኘሁት። መጨረሻው ላይ ስሞቹ ወርደው ሲያልቁ "፲፱፻፺፭ ዓ.ም." ይላል። እንዲህ በግዕዝ ቁጥር ሲሆን እንዴት ልጻፈው?

ጋሼ፣ ደብተሩ አለ። ሰውየው ጋ ደወልኩ፣ ሦስት ደብተር ነው፣ ነገ ጠዋት ይዘውልኝ ይመጣሉ።

ካርድ_ካታሎግ፦

በግዕዝ ቁጥሩ እንዳለ ገልብጪው። ቀጥሎ በቅንፍ 1995፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. 2002 ወይም 2003 በዪ። ወሩ ካልተጻፈ ከሁለቱ አንዱን አትምረጪ። የመቀረጫ ቦታ የሚል ነገር አይተሻል?

የመደርደሪያዋ፦

አዎ፣ ለትብብራቸው ከሚመሰገኑት መካከል የከተማችን ማዘጋጃ ቤት አለ። ተዋናይቷም እሷው ናት። የእኚያን እናት ስልክ ይዤ ነበር፣ አሁን ልደውልላቸው ነው።