ሦስት የድመት ልጆች፣ ነፍሰ ጡር እህቴ እና አከራዬ

የኡራኤሏ ተከራይ
ሰላም ወገኖች። ከፍራንክፈርት ተመልሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቴ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። ግንቦት ላይ ካዛንቺስ ከፈረሰው ሰፈር ጥግ ሦስት የድመት ልጆች አገኘሁ። ዓይናቸውን ገና መግለጣቸው ነበር። እናታቸው ትመጣለች ብዬ እስኪመሽ ጠበቅኩ። አልመጣችም። በሻርፔ ጠቅልዬ ይዣቸው ገባሁ። ወተት በስሪንጅ፣ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ ጎናቸው፣ ሌሊት በየሦስት ሰዓቱ መነሳት። አሁን መጋረጃዬ ላይ ይወጣሉ። ፎቶ አያይዣለሁ፤ ያገኘኋቸው ቀን ያነሳሁት ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እህቴ ከቶሮንቶ ትመጣለች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እማዬም እሷን ለመቀበል ከአዋሳ ትነሳለች። ትናንት ደውላ «ድመት ባለበት ቤት ልጄን አላስገባም፣ ሆቴል እንይዛለን» አለችኝ። እናቴ ሆቴል! እኔ እያለሁላት! አከራዬ ደግሞ «ውላችን ላይ ድመት የለም» ማለት ጀምሯል። ጥቅምት ላይ ለሥራ ወደ ጀርመን እመለሳለሁ፤ ይዣቸው ብሄድ ደስ ይለኛል። እስከዚያስ የት ላድርጋቸው?

ጋሼ ዱሰልዶርፍ
እህቴ፣ እኔ በውሻዬ ስላየሁት ልንገርሽ። አንቺ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ይዘሽ ኢትዮጵያ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖሪያለሽ። ድመቶቹ ወደ አውሮፓ ሲገቡ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ መለያ ቁጥር ያለባት ትንሽ ቺፕ፣ ከቆዳቸው ሥር ይቀበርላቸዋል። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ቺፑ ከክትባቱ መቅደም አለበት፤ ከተገላበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ክትባቱም ከ12 ሳምንት ዕድሜ በፊት ዋጋ የለውም። ከተከተቡ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል። ደሙ የአውሮፓ ኅብረት ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል። ክትባቱ በደማቸው የፈጠረው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ካነሰ እንደገና። አለፈ እንበል። ኢትዮጵያ ኅብረቱ ከዚህ ምርመራ ነፃ ባደረጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ትጠብቂያለሽ። የሐኪሙንና የመንግሥት ማኅተሙን ወረቀት ገና አልቆጠርኩትም።

የኡራኤሏ ተከራይ
ጋሼ፣ እኔ ጥቅምት ነው ያልኩት።

ጋሼ ዱሰልዶርፍ
ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ሳይባክን ቢሄድ እንኳ ኅዳር ማለቂያ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቀን አይባክንም አትበይኝ።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እናትሽ ከምንም ተነስተው አይደለም የፈሩት። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ አለ። ነፍሰ ጡር ላይ አዲስ ከያዘ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ድመት በሰገራዋ ታወጣዋለች። ግን እንደወጣ አይጋባም፤ ለመጋባት ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚጸዳዱበትን አሸዋ አንቺ በየቀኑ ጥረጊ። እህትሽ እንዳትነካው። ጥሬ ሥጋ አትስጫቸው፣ አይጥ ፍለጋም አይውጡ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይወደውን ልናገር። ብዙ ሰው በሽታው የሚይዘው ከድመት ሳይሆን ከጥሬ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ ሰላጣ ነው። እህትሽ ስትመጣ መጀመሪያ ምን ልትበላ ነው?

የኡራኤሏ ተከራይ
ክትፎ። ከአሁኑ ቀጠሮ አስይዛኛለች። ጥሬውን።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ለብለብም አይሆንም። ደረቅ ጥብስ ብዪያት። ለሐኪሟም ትንገር፣ በደም ምርመራ ይታያል።

የኡራኤሏ ተከራይ
እማዬን «ከድመቱ ክትፎው ይብሳል» ብላት ስልኩን ነው የምትዘጋብኝ።

የድሮ ካዛንቺስ
ይቅርታ፣ ጥያቄሽን አልመልስም። ፎቶው ላይ ከድመቶቹ ኋላ የወደቀ ሰማያዊ የብረት በር አለ። ታችኛው ጥግ ላይ ጎበጥ ያለ ነው? እስኪ አስጠግተሽ እዪልኝ።

የኡራኤሏ ተከራይ
አዎ፣ ጎብጧል። ምነው?

የድሮ ካዛንቺስ
በኳስ እኔ ነኝ ያጎበጥኩት። አክስቴ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ነበር ያሳደገችኝ። እዚህ ሲያትል ታክሲ እየነዳሁ 19 ዓመቴ። ሰፈሩ ሲፈርስ እሷ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። አሁን በየወሩ ምድር ቤት ኪራይ እልክላታለሁ። የግቢያችን ድመት ግራጫ ነበረች። ያንቺዎቹም አንዷ ግራጫ ናት። ዘሯ ትሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። ሞኝነት ነው መቼም።

ደመወዝተኛው
ወንድሜ አንጀቴን በላኸኝ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቅር አይበላችሁ። ያ ሁሉ ሰው ከዚያ ሰፈር ሲነሳ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም። ለሦስት ድመት ግን ይኸው አስራ ምናምን መልስ።

የኡራኤሏ ተከራይ
እኔ ያገኘሁት ድመት ነው። ሰው ባገኝ አልፌ የምሄድ ይመስልሃል? ያልጻፍኩት የሚጻፍ ነገር ስላጣሁ ነው። በዚያ ላይ እኔም ነገ ከቤቴ እንዳልባረር እየፈራሁ ነው።

ጋሼ ዱሰልዶርፍ
ስለ ቤቱ ከሆነ ሕግ አለ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ስለ ድመት ያነበብኩት አንቀጽ የለም። ስንት ወር አስቀድመሽ ከፈልሽ?

የኡራኤሏ ተከራይ
ስድስት። በዩሮ። ደላላው «እንደዚህ ነው የሚሠራው» ብሎኝ ነው። ሁለት ዓመቱም ሊያልቅ ነው።

ደመወዝተኛው
አገኘሁት! እኔ ኡራኤል ተወልጄ ኡራኤል መከራየት ያቃተኝ በማን ሆነና? እናንተ ስድስት ወር በዩሮ ስትዘረጉ አከራዩ የእኔን ብር ለምን ያያል? ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ የእኔ ደመወዝ ለእናንተ የሻይ ነው።

የድሮ ካዛንቺስ
ቀስ በል ወንድሜ። የምልከው ዶላር ባይኖር አክስቴ ዛሬም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ደመወዝተኛው
ለአክስትህ መላክህን ማን ነካው? ስለ አከራዩ ነው የማወራው።

ጋሼ ዱሰልዶርፍ
አከራዩም እኮ ሰው ነው። ሲሚንቶ ስንት ገባ?

ደመወዝተኛው
ጋሼ፣ ቤቱ የተሠራው በደርግ ጊዜ ነው! የምን ሲሚንቶ?

ወፍጮ ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ሾላ ገበያ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለኝ። አይጥ ጤፉን ጨረሰው። እህቴ፣ አንዷን ስጪኝ። ደረቅ ቦታ ነው፣ ወተትም ከቤት ይመጣላታል።

የኡራኤሏ ተከራይ
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ግን እነዚህ አይጥ አይተው አያውቁም፤ ትናንት ከበረሮ ሸሽተዋል። መርዝ የምታስቀምጥ ከሆነ ደግሞ አልሰጥም።

ወፍጮ ቤት
መርዝማ እህል ባለበት ይቀመጣል እንዴ? ሁለቱን ስጪኝ። ተለይተው እንዳያለቅሱ።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ነርስ ስለሆንኩ ሳይሆን አይጥ ስለሚበሉ ልናገር፦ ወፍጮ ቤት የገባ ድመት እህትሽ እዚያ እያለች ተመልሶ ቤትሽ አይግባ።

ደመወዝተኛው
ጋሼ ስለ ሲሚንቶው አልመለሱልኝም።

የኡራኤሏ ተከራይ
ወፍጮ ቤት፣ ሐሙስ መጥቼ ቦታውን ልየው። ግራጫዋን ግን አልሰጥም፣ የድሮ ካዛንቺስ ከጻፈው በኋላ አልችልም። የእሷን ነገር እማዬ ስትመጣ እንነጋገርበታለን፣ ወይም እንጣላበታለን። ጋሼ፣ ቺፑን ግን አስቀብራለሁ፤ ኅዳር ማን ያውቃል። አሁን ልሂድ፣ ከአራት ቀን በኋላ ውሃ መጣ፣ ጀሪካን ልሙላ።