ይህ ግራጫ ሬንጀር የት ነው የሚደብቀው?

ቸርችል ታች (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የመድረክ ልብስ እሰፋለሁ። ለአንድ አዲስ ቴአትር የወታደር ልብስ ታዝዤ ነበርና አሜሪካ ውትድርና ላይ የነበረው የአክስቴ ልጅ ትቶልን የሄደውን ጃኬት ለናሙና አወጣሁት። ትናንሽ ካሬ ካሬ ነው፤ ግራጫ፣ አመድማ አረንጓዴና አሸዋማ ቀለም አለው። ጥቁር የሚባል ጠብታ የለበትም። መብራት አስበርቼ ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ ሳየው ዝንጉርጉሩ ጭራሽ ጠፋ! ወጥ የሆነ፣ ነጣ ያለ ልብስ ሆኖ ቁጭ አለ። ከጥቁሩ መጋረጃ ፊት ተዋናዩ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ያን ያህል ገንዘብ ያለው ጦር ይህን ምን አይቶ መረጠው? እኔስ ምን ዓይነት ንድፍ ላሳትም? የአገራችንን ሠራዊት ልብስ የሚመስል አልፈልግም፤ ድርሰቱም የየት አገር ጦር እንደሆነ አይናገርም።

የካዛንቺስ ልጅ

ለኮንክሪት ነዋ! የፈረሰው ሰፈራችን ፍርስራሽ ላይ ቢያቆሙት እናቱም አታገኘው 😀

አራዳ አታሚ

እህቴ፣ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ያ ጨርቅ አገሩም የተወቀሰው በዚሁ ነው። እኔ ፒያሳ ቲሸርትና ባነር ሳትም የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ ወታደር አይደለሁም፤ ነገሩ ግን ከኅትመት ወገን ሆነው ሲያዩት ቁልጭ ይላል።

የያዝሽው ዩሲፒ ይባላል። የአሜሪካ ምድር ጦር በፈረንጆቹ 2004 ይፋ ያደረገው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፈው)። ሐሳቡ ለጫካም፣ ለበረሃም፣ ለከተማም አንድ ልብስ ይበቃል የሚል ነበር። የግዢ ክፍል ሰው የሚወደው ሐሳብ ነው።

ሦስቱ ቀለሞች ግን በድምቀት በጣም ይቀራረባሉ። ስልክሽን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጊና ጃኬቱን ፎቶ አንሺው፤ ንድፉ ደብዝዞ ታገኚዋለሽ። ከሩቅ ሰውነትን የሚቆራርጠው የደማቁና የጨለማው ልዩነት ነው። ጨለማ ቦታ ከሌለው ትከሻው ትከሻ፣ ክንዱም ክንድ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ካሬዎቹ ደቃቆች ናቸው። ባነር ላይ ነጠብጣቦቹን ተጠግተሽ ታያቸዋለሽ፣ መንገድ ተሻግረሽ ስታዪው ግን ዓይንሽ ደባልቆ አንድ ቀለም ያደርጋቸዋል። የዩሲፒም ዕጣ ይኸው ነው።

ሰዉ "ዲጂታል (በካሬ የተሠራ) ስለሆነ ነው" ይላል፤ እኔ አልስማማም። በ1970ዎቹ ቲሞቲ ኦኒል የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን ካሬን ሲሞክር ሐሳቡ ድርብ ነበር፦ ትልልቁ ቦታ ከሩቅ ቅርጹን ይሰብራል፣ የትልልቁ ጠርዝ ደግሞ በትናንሽ ካሬ ይሸረፍና ከቅርብ ሲታይ ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላል። ካናዳዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ካድፓት፣ የአሜሪካ ማሪኖች ደግሞ በ2002 ማርፓት ብለው ያለበሱት በካሬ የተሠራ ነው፤ ጥሩም ሠራላቸው። የማርፓት የጫካው ዓይነት ጥቁር አለው። ዩሲፒ የወሰደው የካሬውን መልክ ብቻ ነው።

የንድፉ ስፋት ዋና ነገር መሆኑንማ ቀድሞውንም ያውቁ ነበር። በ1948 የጦሩ መሐንዲሶች የምርምር ላቦራቶሪ ያወጣውና በኋላ ቬትናም የተለበሰው ባለ አራት ቀለም ንድፍ ለቅርብ ጫካ ውጊያ ነበር። በ1981 ዉድላንድ የሚባለውን ሲያወጡ ያንኑ በ60 በመቶ አሰፉት፤ ከርቀት እንዲሠራ። ሬንጀር ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ነው፤ ለእኔ እስካሁን ከወጡት ሁሉ ቆንጆው።

ወደ ዩሲፒ ስመለስ፣ አፍጋኒስታን ላሉት በ2010 መልቲካም የሚባለውን ይሰጧቸው ጀመር። ከ2015 ጀምሮ ጦሩ በሙሉ ወደ ሌላ ንድፍ ዞሮ በ2019 ግራጫው ከናካቴው ቀረ። ጣጣው ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደፈጀ በሰፊው ተዘግቧል።

የቀድሞ ግምጃ ቤት

ልጆች፣ የአታሚው ነገር ልክ ነው፤ ግን ንድፍ ብቻውን ምንም አያደርግም። እኔ ልብስ ሳድል ነው ያረጀሁት። ወታደር ልብሱን በስታርች ተኩሶ ካደረቀው የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ይሆናል። የአሜሪካኖቹ ልብስ ምልክት ላይ ስታርች አታድርጉ የሚል አለበት፤ እዩት። ማንጫ ያለበት ዱቄት ሳሙናም ያበላሸዋል። ቀለሙ በሌሊት መነጽርም ከቅጠል ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ማንጫው ያንን ይሽረዋል።

አንቺ ልጅ ደግሞ ተዋናዮቹ ያንን ለብሰው ቡና ለመጠጣት ወደ ስታዲየም እንዳይወጡ። ያለ ፈቃድ የሠራዊት ልብስ መልበስ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከሩቅ የሚያይ ፖሊስ ደግሞ የቴአትር መሆኑን በምን ያውቃል?

ቸርችል ታች

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ መልበሻ ክፍል እቆልፍበታለሁ። አራዳ አታሚ፣ በስልኬ ሞከርኩት፤ እውነትህን ነው፣ ምንም አልቀረም። ታዲያ ለእኔ ምን ያህል ይስፋ? ተመልካቹ እንደሆነ ጫካ ውስጥ አይደለም።

አራዳ አታሚ

ላንቺ ሥራው ተገላቢጦሽ ነው፤ ወታደሩ እንዲታይ፣ ዝንጉርጉሩም ከኋላ እንዲነበብ ነው የምትፈልጊው። ስለዚህ ትልቁን ነጠብጣብ ከመዳፍ አታሳንሺው። ሦስት ቀለም ይበቃሻል፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ደማቅ። ለጨለማው ጥቁር ቡኒ አድርጊ፤ ጥቁር ካደረግሽው መጋረጃው ይውጠውና ተዋናዩ የተበሳሳ ይመስላል። ንድፉ ቶሎ ቶሎ እንዳይደጋገምም ጨርቁን እያዘዋወርሽ ቁረጪ፤ ተሰልፈው ሲቆሙ ሁሉም ደረታቸው ላይ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ከያዙ ያስቃል።

ቴትሮን አታምጪ፣ መብራት ሥር ያብለጨልጫል። ጥጥ ካኪ ይዘሽ ነይ። አራተኛ ቀለም ካማረሽ ግን ሌላ የማተሚያ ፍሬም ነው፤ ዋጋው ይጨምራል።